ያልተሰማ ተውኔት ገና አልተጻፈም



በየዓመቱ የምረቃ ጊዜ ሲቃረብ የቴአትር ጥበብ ተመራቂዎች የመመረቂያ ተውኔታቸውን ጽፈው ያስረክባሉ። ይህ ጽሑፍ የአንድ ዓመት፤ ለአንዳንዱም የአራት ዓመት ድካም ውጤት ነው። አማካሪው መምህር ያነበዋል፤ ፈታኞቹ ያነቡታል፤ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ተጠርዞ ወደ መደርደሪያ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የሚጎበኘው አቧራ ብቻ ነው። ደራሲው ዲግሪውን ይዞ እንጀራውን ፍለጋ ይሄዳል፤ የፈጠራቸው ሰዎች ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በመደርደሪያው ላይ ይቀራሉ።

ከዚህ ዕጣ ለማዳን ሲባል ባለፉት ዓመታት አንድ መልካም ልማድ ተጀምሮ ነበር። የተመራቂዎቹ አዲስ ተውኔቶች ከምረቃው በፊት ባሉት ቀኖች በመድረክ ላይ ይነበቡ ነበር። ዘንድሮ ግን ይህ ንባብ ከመርሐ ግብሩ ይውጣ የሚል ሐሳብ እንደ ቀረበ በየመተላለፊያው እንሰማለን። የሚሰጠውም ምክንያት ሦስት ነው። ጊዜና ገንዘብ የለም፤ አድማጭ አይመጣም፤ ንባብም ቢሆን ቴአትር አይደለም ይባላል። እኛ ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። የምንቃወመውም ለጓደኞቻችን አድልተን አይደለም። ተውኔት በጆሮ ሳይመዘን ተጽፎ አለቀ ሊባል አይችልም ብለን ስለምናምን ነው።

በሌላ የትምህርት ክፍል ያላችሁ አንባብያን «የመድረክ ንባብ» ሲባል ምን እንደ ሆነ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። ነገሩ ቀላል ነው። ስድስት ወይም ስምንት አንባብያን በመድረክ ላይ በወንበር ይቀመጣሉ። ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው ያነባሉ እንጂ በቃል አያጠኑትም። የተለየ ልብስ የለም፤ የተሠራ ቤት የለም፤ የመብራት ጨዋታ የለም። አንድ ተጨማሪ አንባቢ «በሩ ይንኳኳል»፤ «እናትየዋ ትወጣለች» የሚሉትን የመድረክ መግለጫዎች ያነባል። አዘጋጁ አስቀድሞ አንድ ሁለት ቀን ከአንባብያኑ ጋር ይለማመዳል። ደራሲው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከአድማጮች መካከል ይቀመጣል። ንባቡ ሲያልቅ ውይይት ይደረጋል። ይኸው ነው።

በዚህ ቀላል ነገር ውስጥ ደራሲው በሌላ መንገድ ሊያገኘው የማይችለውን ትምህርት ያገኛል። በክፍሉ ብቻውን ተቀምጦ ሲጽፍ የሁሉም ገጸ ባሕርይ ድምፅ የራሱ ድምፅ ነው። ገበሬው፤ ዳኛውና የቤት ሠራተኛዋ በአንድ አፍ የሚናገሩ መሆናቸውን የሚያውቀው ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ሲያነቡለት ነው። በወረቀት ላይ አጭር መስሎ የታየው ንግግር ሲነገር አንባቢውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ያስቃል ያለው ስፍራ ዝም ሲያሰኝ፤ ምንም ያልገመተው ስፍራ ደግሞ አዳራሹን ሲያስቅ ይሰማል። አድማጩ ወንበሩ ላይ መንቀሳቀስና መሳል ሲጀምር፤ ያ ገጽ መቆረጥ እንዳለበት ከማንኛውም ፈታኝ ይልቅ ያ ሳል ይነግረዋል።

በአማርኛ ለሚጻፍ ተውኔት ደግሞ ይህ ጉዳይ ከሌላው ቋንቋ ይልቅ የጠነከረ ነው። ፊደላችን ብዙ ሀብት ያለው ሆኖ ሳለ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «አባትህ አለ» የሚለውን ሐረግ እንውሰድ። «ለ» ላልታ ከተነበበች አባትየው አንድ ነገር ተናገረ ማለት ነው። ጠብቃ ከተነበበች ግን አባትየው በሕይወት አለ ማለት ነው። አባቱ ሞቷል ተብሎ ያደገ ልጅ በሚገኝበት ተውኔት ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተውኔቱ ሁሉ ልዩነት ነው። «ይመታል» የሚለውም እንዲሁ ነው። እንደ አነባበቡ መቺውን ተመቺ፤ ተመቺውንም መቺ ያደርጋል። ደራሲው በልቡ የሰማውን አንባቢው ከወረቀቱ ላይ ላያገኘው ይችላል። ሰምና ወርቅ ያለው ንግግር ሲሆንማ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ አንዱ ቃል ሁለት መንገድ እንዲሄድ የሚያደርገው አንደበት ነውና። ስለዚህ የአማርኛ ተውኔት በወረቀት ላይ ሳለ ግማሹ ተጽፏል፤ ግማሹ ግን ገና በደራሲው ጉሮሮ ውስጥ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የቅኔ ቤት ሥርዓት ያስተምረናል። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ነገር ግን የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ በአንደበቱ እስኪነግር ድረስ ሥራው አልተፈጸመም። መምህሩ ይሰማል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ቤት ያልመታው፤ ምሥጢሩ ያልሰመረው ወዲያው ይታረማል። ተማሪውም መታረሙን እንደ ውርደት አይቆጥረውም፤ ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል እንጂ። በዚያ ቤት ተማሪው ቅኔውን ጽፎ ለመምህሩ በፖስታ አሽጎ ቢልክ ኖሮ ዛሬ የምንኮራበት ቅኔ ባልተገኘ ነበር። አባቶቻችን ለቅኔ ያልነፈጉትን ጆሮ እኛ ለተውኔት የምንነፍገው ስለ ምንድን ነው?

የአገራችን የቴአትር ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ሥራቸውን ባሳዩ ጊዜ ለዚሁ የተሠራ ቴአትር ቤት አልነበረም፤ መድረኩ የሆቴል አዳራሽ ነበር። ተውኔቱ ግን ተሰማ፤ ስለ ተሰማም ቁጣ ቀስቅሶ ታገደ። ማንም ያልሰማውን ጽሑፍ ለማገድ የሚደክም የለም። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም ደራሲ ብቻ ሳይሆኑ መምህርም ስለ ነበሩ ድርሰታቸውን በተማሪዎች አንደበት ያሰሙ ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ሲታይ ገና በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ያን ጊዜ አንድ መምህር «ይህ የልጅ ሥራ ነው፤ ይቀመጥ» ብሎ ቢሆን ኖሮ በኋላ ያየነውን ደራሲ እናይ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ተማሪ በመድረክ ላይ የራሱን ድርሰት ማንበቡም ለዩኒቨርሲቲዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «የኮሌጅ ቀን» በሚከበርበት ጊዜ ተማሪዎች ተወዳድረው ግጥሞቻቸውን በአዳራሽ ያነቡ ነበር። ሕዝብ መጥቶ ያዳምጥ ነበር። ስለ ድኻው ኑሮ የተነበቡት ግጥሞች የባለሥልጣኖችን ቁጣ እስከ ማስከተልና በተማሪዎች ላይ ቅጣት እስከ ማምጣት ደርሰዋል። እነዚያ ግጥሞች በመጽሔት ብቻ ታትመው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ኃይል አይኖራቸውም ነበር። በአዳራሹ ውስጥ አንዱ ሲያነብና ሌላው ሲሰማ፤ የሰሚዎቹ ትንፋሽ አንድ ይሆን ስለ ነበር ነው። በዚያው ዐሥርት ዓመት አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የኪነ ጥበብ ማዕከልም ደራሲውን፤ አዘጋጁንና ተዋናዩን በአንድ ጣራ ሥር አገናኝቶ አዳዲስ ሥራዎች እንዲፈተኑ አድርጓል።

ወደ ውጭ አገር ስንመለከትም ይኸው ሐሳብ በልዩ ልዩ መልክ እናገኘዋለን። በለንደን የሚገኘው ሮያል ኮርት ቴአትር ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሑድ ማታ ማታ አዳዲስ ተውኔቶችን ያለ መድረክ ግንባታ ያሳይ ነበር። እነዚህ ንባብ ብቻ አልነበሩም፤ ተዋንያኑ ይለማመዱ ነበር። ዐላማው ግን አንድ ነው፤ ገንዘቡን ከጣውላና ከጨርቅ ላይ አንሥቶ ለቃሉ ዕድል መስጠት። ናይጄሪያዊው ወሌ ሶይንካ በ1959 እ.ኤ.አ. ሥራውን ካሰማባቸው መድረኮች አንዱ ይህ የእሑድ ማታ መድረክ ነበር፤ ያን ጊዜ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በዚያው ዘመን አካባቢ የቴአትርን አሠራር ካጠናባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ሮያል ኮርት ነው። በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ገና የማካሬሬ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ በ1962 እ.ኤ.አ. «ጥቁሩ ባሕታዊ» የተባለው ተውኔቱ ዩጋንዳ ነፃነቷን ባከበረችበት ወቅት በካምፓላ ብሔራዊ ቴአትር በተማሪዎች ታይቶለታል።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በአሜሪካን አገር በኮኔክቲከት የሚገኘው የዩጂን ኦኒል ቴአትር ማዕከል ነው። ማዕከሉ በ1964 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በተከታዩ ዓመት የደራስያን ጉባኤ ጀመረ። በዚያ ጉባኤ ተዋንያኑ ጽሑፋቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ያነባሉ፤ ደራሲው ይሰማል፤ ሰምቶም ገጹን ይለውጣል። ኦገስት ዊልሰን የተባለው ደራሲ ለዚህ ጉባኤ ጽሑፍ እየላከ ሳይቀበሉት ከቆየ በኋላ በ1982 እ.ኤ.አ. «ማ ሬኒዝ ብላክ ቦተም» የተባለው ተውኔቱ ተቀባይነት አግኝቶ ተነበበለት። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ተውኔት በኒው ዮርክ በብሮድዌይ ታየ። ይህ ሰው በኋላ ከአገሩ ታላላቅ ደራስያን አንዱ ለመባል የበቃ ነው። መጀመሪያ ያገኘው ግን ዝና ሳይሆን ጥቂት ወንበርና የሚሰማ ጆሮ ነው።

አሁን ወደ ቀረቡት ሦስት ምክንያቶች እንመለስ።

የመጀመሪያው የጊዜና የገንዘብ ጉዳይ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ተውኔት 70 ገጽ ቢኖረውና ለስምንት አንባብያንና ለአዘጋጁ ቢባዛ 630 ገጽ ይሆናል። በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ከታተመ 315 ወረቀት ነው። 500 ወረቀት የያዘው አንዱ እሽግ እንኳ አያልቅም። ወንበሩ በአዳራሹ አለ፤ አንባብያኑ ራሳችን ነን፤ ደመወዝ የጠየቀ የለም። ጊዜውም ቢሆን ስድስት ተውኔት ቢኖር በቀን ሁለት ሁለት እየተነበበ በሦስት ቀን ያልቃል። አራት ዓመት ሙሉ ለደከመ ተማሪ የግማሽ ቀን ጆሮ በዛ የሚባል ከሆነ፤ ለምረቃው አዳራሽ ማሸብረቂያ የሚባክነው ጊዜና ገንዘብ ምን ሊባል ነው? መጋረጃውና አበባው በማግስቱ ይወርዳል፤ የታረመ ተውኔት ግን ይኖራል።

ሁለተኛው አድማጭ አይመጣም የሚለው ነው። ሕዝባችን ንባብ መስማት አይወድም የሚል ካለ አገሩን አያውቅም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጡ ዛሬም ያስታውሱታል። መድረክ አልነበረም፤ ልብስ አልነበረም፤ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነበረ። በዚያ ድምፅ ግን ጉዱ ካሣም ሰብለ ወንጌልም በየቤቱ ገብተዋል። መጽሐፉን ያላነበበው ጭምር አውቋቸዋል። ስለዚህ ጥፋቱ በአድማጩ ላይ አይደለም። ማስታወቂያው ከንባቡ በፊት በነበረው ማታ የሚለጠፍ ከሆነ፤ ሰዓቱ ከፈተና ጋር የሚጋጭ ከሆነ፤ አዳራሹም በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚለወጥ ከሆነ፤ የሚመጡት የደራሲው ዘመዶችና የክፍል ጓደኞች ብቻ መሆናቸው አያስደንቅም። ሰውን ሳይጠሩ አልመጣም ብሎ መክሰስ ፍርድ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ንባብ ቴአትር አይደለም የሚለው ነው። በዚህ በኩል ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። እውነት ነው፤ ንባብ ሙሉ ቴአትር አይደለም። ሊጥም እንጀራ አይደለም። ነገር ግን ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ የሚያስጥድ ባለሙያ የለም። ዛሬ በየቴአትር ቤቱ የሚታየው ብዙው ድካም ያልቦካ ጽሑፍ ይዞ ወደ መድረክ ከመሮጥ የሚመጣ ነው። ልብሱ ከተሰፋ፤ ቤቱ ከተሠራ፤ ተዋናዩ ቃሉን ካጠና በኋላ ሁለተኛው ገቢር መላ የሌለው መሆኑ ቢታወቅ ማን ደፍሮ ያፈርሰዋል? በንባብ ጊዜ ግን ማፍረስ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው።

በዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ሥጋት መኖሩን አንክድም። ንባብ የመጨረሻ ማረፊያ ሊሆን ይችላል። የመድረክ ንባብ በተስፋፋባቸው አገሮች ሳይቀር፤ አንድ ተውኔት ከንባብ ወደ ንባብ እየተንከራተተ ምንጊዜም ሳይታይ ይቀራል የሚል ብርቱ ወቀሳ ይሰማል። ደራሲው በየስፍራው ምክር ሲቀበል የራሱን ድምፅ እስኪረሳ ድረስ ጽሑፉን ይከልሳል። ይህ ሥጋት መልስ የሚያገኘው ግን ንባቡን በማስቀረት አይደለም፤ ለንባቡ ተከታይ በማበጀት ነው። የቴአትር ቤቶች አዘጋጆች ወደ ንባቡ ይጠሩ። ተጠርተውም የወደዱት ተውኔት ካለ ከደራሲው ጋር ይነጋገሩ። አዲስ የአማርኛ ድርሰት ጠፋ የሚል ቅሬታ ከባለሙያዎች ዘወትር ይሰማል፤ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ያልተሰማ ድርሰት በየዓመቱ ይደረደራል። እነዚህ ሁለቱ እንዳይገናኙ የሚከለክል ግድግዳ ያለ እንደ ሆነ፤ በዚያ ግድግዳ ላይ በር የሚሆነው ይኸው ንባብ ነው።

ንባቡ ይቀጥል ስንል ግን እንዳለ ይቀጥል ማለታችን አይደለም። በአብዛኛው ጊዜ ከንባቡ በኋላ የሚደረገው ውይይት ውይይት አይባልም። አንዱ ተነሥቶ «በጣም ግሩም ነው፤ በርታ» ይላል። ሌላውም ይኸንኑ ይደግማል። ሦስተኛው ደግሞ የራሱን ዕውቀት ለማሳየት ሩብ ሰዓት ይናገራል። ደራሲው ጭብጨባውን ይዞ ይወጣል፤ ሁለተኛው ገቢር ግን እንደ ታመመ ነው። ይህ ይሉኝታ ፍቅር አይደለም። ጓደኛችንን የምንወደው ከሆነ እውነቱን ዛሬ እኛው ብንነግረው ይሻላል፤ ነገ ትኬት ቆርጦ የገባ ተመልካች ወንበሩን ትቶ በመውጣት ከሚነግረው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ማብጠልጠልን እንደ ሂስ የሚቆጥር አለ። ደራሲውን በሰው ፊት የሚያዋርድ፤ «እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ እጽፈው ነበር» እያለ የሌላውን ተውኔት የራሱ ሊያደርግ የሚሞክር ሞልቷል። ከሁለቱም የሚያድን ሥርዓት አለ። ሊዝ ለርማን የተባለች አሜሪካዊት የዳንስ ባለሙያ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋችው የአስተያየት አሰጣጥ መንገድ አራት ደረጃ አለው። አስቀድሞ ሰሚዎች የነካቸውንና የቀረባቸውን ነገር ይናገራሉ። ቀጥሎ ደራሲው ራሱ የሚያሳስበውን ይጠይቃል። ከዚያ ሰሚዎች ነቀፋ ያላዘለ ጥያቄ ያቀርባሉ። በመጨረሻ አስተያየት ያለው ሰው «ስለዚህ ጉዳይ አስተያየት አለኝ፤ ልንገርህ ወይ?» ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደራሲው ሲፈቅድ ይናገራል። ይህ ሥርዓት ለአገራችን ጨዋነት እንግዳ አይደለም፤ በሽምግልና ላይ ተራ ጠብቆና ፈቃድ ጠይቆ መናገርን ሁላችንም ከቤታችን ተምረነዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብድ አንድ ጉዳይ አለ። ገጸ ባሕርይ የተናገረውን ቃል የደራሲው እምነት አድርጎ መቁጠር በመካከላችን የሚታይ ክፉ ልማድ ነው። አንድ ተማሪ ጨካኝ ሹም በተውኔቱ ቢያስገባ ለጭካኔ ቆመ ይባላል፤ ያን ሹም የሚዘልፍ ሽፍታ ቢያስገባ ደግሞ ሽፍታ ነው ይባላል። አንዱን ወገን የሚያናድድ ንግግር ከተሰማ፤ ስለ ምን ተነገረ ሳይባል ማን ጻፈው ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ብዙው ወጣት ደራሲ ከሚያውቀው ኑሮ ሸሽቶ በማያውቀው ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚሆነውን ይጽፋል፤ ወይም ሁሉም ሰው ደግ የሆነበትና ማንም ምንም የማይፈልግበት ተውኔት ያቀርባል። ሁሉም የሚስማሙበት ተውኔት ደግሞ ገና መጋረጃው ሳይከፈት ያበቃ ተውኔት ነው። ዩኒቨርሲቲ ማለት ክፉውም ደጉም ገጸ ባሕርይ በሙሉ አፉ የሚናገርበት፤ ሰሚውም ከሰማ በኋላ በምክንያት የሚከራከርበት ስፍራ ካልሆነ፤ ሌላ ስፍራ ከየት ይመጣል? መምህራኖቻችንን የምንለምነው ስለዚህ ነው። በንባቡ ሰዓት ከፊተኛው ረድፍ መቀመጣችሁ ብቻ ለደራሲው ጋሻ ነው።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። በመካከላችን በኦሮምኛ፤ በትግርኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች ማሰብና መጻፍ የሚቀላቸው ጓደኞች አሉ። ሙሉ ቴአትር ለማዘጋጀት ያንን ቋንቋ የሚችሉ ተዋንያን፤ አዘጋጅና የመድረክ ሠራተኞች ፈልጎ ለወራት ማለማመድ ያስፈልጋል። ለንባብ ግን ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩ አምስት ስድስት ተማሪዎች ይበቃሉ፤ እነርሱም በየማደሪያው አሉ። ቋንቋውን የማይሰማ አድማጭ እንዳይጉላላ የየትዕይንቱ አሳብ በአንድ ገጽ ተጠቃልሎ ቢታደለው ይከታተላል። እንዲህ ያለው ተውኔት ዛሬ በንባብ ካልተሰማ በሌላ መንገድ የመሰማቱ ተስፋ እጅግ የመነመነ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ በቍጥር እናስቀምጠው።

1ኛ፤ የተመራቂዎች የተውኔት ንባብ ከመርሐ ግብሩ እንዳይወጣ። ይልቁንም ከፈተናው ሳምንት ርቆ ቀኑ አስቀድሞ እንዲወሰን፤ ማስታወቂያውም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀር በየክፍሉ እንዲለጠፍ።

2ኛ፤ ንባቡ የሚደረገው የመጨረሻው ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት እንዲሆን፤ ደራሲውም ሰምቶ ያረመውን ጽሑፍ ለማስረከብ ጊዜ እንዲያገኝ። ነጥብ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ምክር ከዝናብ በኋላ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ነው።

3ኛ፤ ውይይቱን የሚመራ አንድ መምህር ወይም አንድ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ አስቀድሞ እንዲመረጥ፤ ከላይ የተገለጸው ሥርዓትም እንዲጠበቅ።

4ኛ፤ የቴአትር ቤቶች አዘጋጆችና የሬዲዮ ድራማ ክፍሎች ኃላፊዎች በደብዳቤ እንዲጋበዙ፤ የተውኔቱም አጭር መግለጫ አብሮ እንዲላክላቸው።

5ኛ፤ የተነበቡት ተውኔቶች ከውይይቱ ማስታወሻ ጋር በቤተ መጻሕፍት በአንድ ስፍራ እንዲቀመጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪም የበፊተኞቹ ምን እንደ ተነገራቸው አንብቦ ሥራውን ከዚያ እንዲጀምር።

በእኛ በኩል ደግሞ ጽሑፉን ለማባዛት፤ ወንበር ለመደርደርና ለማንበብ ዝግጁ የሆኑ ተማሪዎችን ስም በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ጀምረናል። አንባቢ ለመሆን የቴአትር ተማሪ መሆን አያስፈልግም። የሕግ፤ የምሕንድስና፤ የእርሻም ተማሪ ድምፅ አለው። እንዲያውም ሐኪም የሚሆነውን ገጸ ባሕርይ የሕክምና ተማሪ ቢያነበው፤ ደራሲው ስለ ሐኪም የጻፈው ሐሰት ከሆነ ወዲያው ይታወቅበታል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ተመራቂዎቹ በመካከላችን የሚቆዩት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ወደ መምህርነት፤ አንዱ ወደ ቢሮ፤ ሌላውም ሥራ ፍለጋ ይበተናል። ዛሬ ያልሰማነውን ተውኔት ከሦስት ዓመት በኋላ የት አግኝተን እንሰማዋለን? ሁለት ሰዓት ያህል ዝም ብሎ መስማት፤ ቀጥሎም ሳይዋሹና ሳያዋርዱ መናገር፤ ይህን ያህል ከእያንዳንዳችን ቢጠየቅ አይከብድም። አዳራሹ ይከፈት፤ ወንበሩ ይደርደር፤ የሚያነብ ያንብብ፤ የሚሰማም ይምጣ።